የቆሎ መጠቅለያ ላይ የተገኙ አስራ አንድ ስሞች

ባለፈው ሰሞን ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ ቆሎ ገዛሁ። ሻጯ እንደ ወትሮው በወረቀት ጠቅልላ፣ ጫፉን ቆልመም አድርጋ ሰጠችኝ። ታክሲ እየጠበቅኩ ቆሎዬን ቆርጥሜ ጨረስኩና ወረቀቱን ልጥል ስል ዓይኔ ጽሑፍ ላይ አረፈ። በእጅ የተጻፈ ነው። ሰማያዊ ቀለም፣ ደህና አድርጎ የተማረ ሰው የእጅ ጽሕፈት። ራስጌው ተቀዷልና የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ አይታወቅም። የተረፈው ላይ ግን «የሌሊት ሽፍት» ይላል። «ታኅሣሥ 1968» ይላል። ከሥሩ አስራ አንድ ስሞች ተደርድረዋል። ሰባቱ ከስማቸው ፊት ለፊት ፈርመዋል። አራቱ ደግሞ አውራ ጣታቸውን ነው ያሳረፉት።

ተመልሼ ሄድኩና «እህቴ፣ ይሄን ወረቀት ከየት ነው የምታመጪው?» አልኳት።

«ከቆራሌው ነዋ፣ በኪሎ! ምነው፣ ቆሸሸብህ እንዴ?»

አልቆሸሸም አልኳት። ሌላ ካላት እንድታሳየኝም ጠየቅኳት። ያለቀው አልቋል፣ የቀረው ይኸው ብላ የአንድ አራተኛ ክፍል ተማሪ የሒሳብ ደብተር አወጣችልኝ (ልጁ ማካፈል ይከብደዋል)። የቀሩት የሌሊት ሽፍት ሠራተኞች እንግዲህ በአንድ ቀን ገበያ፣ ከገብስና ከሱፍ ጋር፣ ከቃሊቲ መናኸሪያ ወደ ሐዋሳና ወደ ናዝሬት ተበትነዋል ማለት ነው።

ወረቀቱን ይዤ ሰፈራችን ያሉ አንድ ጡረተኛ ጋ ሄድኩ። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ ፈትል ክፍል የሠሩ ናቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው፣ ከላይ ወደ ታች በጣታቸው እየሄዱ አነበቡት። ሦስተኛው ስም ላይ «ይቺ አለች! ገላን ኮንዶሚኒየም ልጇ ጋ ናት» አሉ። አምስተኛው ላይ ሳቁ፣ ለምን እንደሳቁ ግን አልነገሩኝም። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ብዙ ቆየ። «ይሄን ልጅ በ70 ወሰዱት» አሉና ወረቀቱን አጠፉት። ከዚያ በኋላ ያወራነው ስለ ኑሮ ውድነት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ይመላለሳል። አቃቂ ቃሊቲ የራሱ የታሪክ ማህበር ያስፈልገዋል። ትልቅ አይደለም፣ ሕንፃና ሎጎ ያለው አይደለም። እንደ እድር ያለ። ሰውን ሳይሆን ወረቀትና ትዝታን ሜዳ ላይ ከመውደቅ የሚያድን እድር።

መቼም «የምን ታሪክ? የአቃቂ?» የሚል አይጠፋም። ሳሪስን አልፋችሁ የማታውቁ ወዳጆቼ አቃቂ ሲባል የሚታያችሁ አቧራ፣ ሲኖትራክና ጭስ ነው። ቃሊቲ ሲባል ደግሞ እስር ቤት። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ጋዜጠኛውም ፖለቲከኛውም ሲታሰር «ቃሊቲ ወረደ» ማለት የአገር ቋንቋ ሆኖ ነበር። ሰፈር ተወልዶ አድጎ የሰፈሩን ስም እንደ ቅጣት ሲሰሙት ምን እንደሚመስል የምናውቀው እኛ የዚያ ልጆች ነን። እስር ቤቱም ታሪካችን ነው፣ አልክድም። ግን ከዚያ በፊትም ሰው ይኖር ነበር።

የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው። ከመግባቱ በፊት ግን በእኛ ደጅ ማለፍ ነበረበት። በባቡር ከባሕር የመጣ ነገር ሁሉ፣ ጨርቁም ማሽኑም ፈረንጁም፣ ዋና ከተማዋን ከማየቱ በፊት አቃቂን አይቷል። የሚሄደውም እንደዚሁ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱን ወደ ስደት የወሰደው ባቡር ያለፈው በዚሁ ሐዲድ ላይ ነው። ሦስት ቀን ቆይቶ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ያኔ አቃቂ ጣቢያ ላይ ቆሞ ባቡሩን ያየ ሰው ምን አሰበ? ለቤተሰቡስ ምን ብሎ ነገረ? ይህን የሚመልስ መጽሐፍ ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት ብትሄዱ ስለ ቤተ መንግሥቱ፣ ስለ ዤኔቭ፣ ስለ ጄኔራሎቹ ታነባላችሁ። የጣቢያው ሰው የለም።

ሬዲዮውን ደግሞ ተመልከቱ። የአቃቂን ሬዲዮ ጣቢያ የሠራው አንሳልዶ የሚባል የጣሊያን ኩባንያ ነው። በመስከረም 1928 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 1935) ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ ጣቢያ በኩል ጣሊያን ያንዣበበችበትን አገራቸውን ጉዳይ ለዓለም አሰሙ። በጣሊያን ማሽን ጣሊያንን መክሰስ ማለት ይሄ ነው! መስከረም ሳያልቅ ጦርነቱ ተጀመረ። በመጋቢት መጨረሻ የጣሊያን አውሮፕላኖች መጥተው የአቃቂን አውሮፕላን ማረፊያ ደበደቡ። ሬዲዮ ጣቢያ፣ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ባቡር። ያኔ ኢትዮጵያ ከዓለም ጋር የምትገናኝባቸው ሦስት ክሮች እኛ ሰፈር ላይ ተቋጥረው ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ፋብሪካዎቹ መጡ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሕንዱ ቢርላ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ጋር በሽርክና ኢንዶ ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅን አቃቂ ላይ አቋቋመ። ሕንዶች ነጻ ከወጡ በኋላ በውጭ አገር በሽርክና ከጀመሯቸው ኢንዱስትሪዎች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በ1967 ዓ.ም ደርግ ፋብሪካዎችን ሲወርስ እሱም ተወረሰ። በእነዚያ ሁለት ቀኖች መካከል ያለው ጊዜ ነው እኔን የሚያጓጓኝ። ከገጠር የመጣች የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ መጀመሪያ የፋብሪካ ፊሽካ ስትሰማ፣ ሌሊት መሥራትን ስትለምድ፣ የመጀመሪያ ደሞዟን ስትፈርም (ወይም አውራ ጣቷን ስታሳርፍ)፣ ከሕንድ አለቃ ጋር በምን ቋንቋ እንደምትግባባ... ይሄ በየትኛውም የሚኒስቴር ሪፖርት ውስጥ የለም። ያለው በሴቶቹ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ያኔ አስራ ስድስት የነበረች ዛሬ ሰማንያዋን ተሻግራለች።

ይሄ ሁሉ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ አገሩ የቱለማ ኦሮሞ፣ በተለይም የገላን አገር ነው። ስሞቹ አሁንም አሉ፦ ገላን፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቂሊንጦ። ቱሉ ዲምቱ «ቀይ ኮረብታ» ማለት መሆኑን ሳያውቅ በየቀኑ «ቱሉ ዲምቱ! ቱሉ ዲምቱ!» እያለ የሚጠራ የታክሲ ረዳት ብዛቱ! ስለዚህ የአቃቂ ታሪክ በባቡር ፊሽካ ይጀምራል የሚል ማህበር ከተቋቋመ እኔ የመጀመሪያው ተቃዋሚ ነኝ። የመጀመሪያው መርህም እዚሁ ላይ ይውጣ፦ ማህበሩ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሰብስብ፣ ይመዝግብ፣ ያሳትም። አንዱን ለሌላው አስተርጉሞ መጣል ሳይሆን፣ ሰው በተናገረበት ቋንቋ መጀመሪያ ይጻፍ።

«አገር ያላት ተቋም አንሷት ነው እናንተ የምትጨመሩት?» ትሉኝ ይሆናል። ትክክል፣ አሉ። ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከ1955 ዓ.ም ጀምሮ አለ። የተቋሙ ወዳጆች ማህበር ደግሞ በ1960 ተመሥርቶ፣ የብራና መጻሕፍትና ሥዕሎች በየሻንጣው ከአገር እንዳይወጡ ገንዘብ እያዋጣ ሲገዛ ኖሯል። ጥቂት አገር ወዳዶች ኪሳቸውን አውጥተው ምን መሥራት እንደሚችሉ ያሳየ ማህበር ነው። በ1984 የተቋቋመው የቅርስ ባለአደራ ማህበርም እንጦጦ ላይ ዛፍ ሲተክል የሚያውቀው ያውቀዋል። ወመዘክር አለ። ቅርስን ስለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992ም አለ። ግን እስቲ ተጠየቁ፣ ከእነዚህ መካከል የፋብሪካ የሌሊት ሽፍት መቆጣጠሪያን ከቆሎ ሻጭ እጅ የሚያስጥል ማነው? የብራና ወንጌል ቢሆን ኖሮ ፖሊስም ይጠራ ነበር። ታኅሣሥ 1968 የተጻፈ የሥራ ሰዓት ወረቀት ግን «አሮጌ ፋይል» ነው። መጋዘን ሲጸዳ በኪሎ ይሸጣል።

በዚህ ነገር ላይ ከእኛ በፊት የተጨነቀ ሰው አለ። ስቬን ሊንድክቪስት የሚባል ስዊድናዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1978 «የቆምክበትን ቆፍር» የሚል መጽሐፍ አወጣ። ነገሩ ቀላል ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካዎችን ታሪክ የጻፉት ኩባንያዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ በእነሱ ታሪክ ውስጥ ዳይሬክተሮች አሉ፣ ትርፍ አለ፣ ሳንባው በአቧራ የሞላ ሠራተኛ የለም። ስለዚህ ሠራተኛው ራሱ ስለ ሥራ ቦታው ይመርምር፣ ሥራውን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለምና፣ አለ። መጽሐፉም እንዴት እንደሚመረመር ማሳያ ነው፦ የትኛው መሥሪያ ቤት ምን መዝገብ አለው፣ ካርታ እንዴት ይነበባል፣ አዛውንት እንዴት ይጠየቃሉ። ከዚያ በኋላ በስዊድን ሠራተኞች እየተሰባሰቡ ስለ ፋብሪካቸውና ስለ መንደራቸው ማጥናት ጀመሩ። እኔ መጽሐፉን እንደ ወንጌል አልቆጥረውም። የስዊድን ሠራተኛ የኩባንያውን ሰነድ ጠይቆ የሚያይበት አገር ውስጥ ነበር፣ እኛ ደግሞ ጥበቃው በር ላይ ያስቆመናል። ግን «የቆምክበትን ቆፍር» የሚለው ምክር ለአቃቂ ልክ ነው።

ለነገሩ ስዊድን ድረስም መሄድ አያስፈልግም፤ እድራችን አለ። አቃቂ ውስጥ ሕገ ደንብ የሌለው እድር አታገኙም። መዋጮው ይታወቃል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ሰብሳቢው ይቀየራል፣ ዕቃው ይቆጠራል፤ ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ ወንበሩ። ጸሐፊው ደግሞ ሁሉን በመዝገብ ይጽፋል። ማን መቼ ሞተ፣ የት ይኖር ነበር፣ ለቤተሰቡ ስንት ተሰጠ። አስቡት እስቲ፣ ለሃምሳ ዓመት በየወሩ የተጻፈ መዝገብ! አንድ የታሪክ ተማሪ ይህን ቢያገኝ በደስታ ያብዳል። እኔ የማውቀው አንድ የእድር ጸሐፊ ግን የድሮዎቹን መዝገቦች ያስቀመጠው ከዶሮ ቤት በላይ ባለ ቆጥ ላይ ነው። «አይጥ እንዳይበላቸው» ብሎ ነው። ዶሮዎቹ ሐሳባቸውን እስካሁን አልገለጹም።

ስለዚህ የማህበሩ ዓላማ ምን ይሁን ብትሉኝ መልሴ አጭር ነው፦ ማስቀመጥ። መጀመሪያ ማስቀመጥ፣ መፍረድ ኋላ። እዚህ አገር ታሪክ ላይ ስንሰበሰብ ወንበር ሳንይዝ ነው መከራከር የምንጀምረው። ሚኒሊክ ብለን ገና ሳንጨርስ ግማሹ ይወጣል። የሰፈር የታሪክ ማህበር ግን «ይህ ወረቀት ከመቃጠሉ በፊት ፎቶ ተነስቷል ወይ?» ከሚል ጥያቄ ነው መነሳት ያለበት። ፎቶ ለማንሳት ደግሞ የሁላችንም ስልክ ይበቃል። ዋናው ወረቀት ባለቤቱ ጋ ይቅር። ማህበሩ ከማንም አዛውንት እጅ የጡረታ ደብተር፣ የፋብሪካ መታወቂያ፣ የሠርግ ፎቶ ወስዶ «እናስቀምጥልዎታለን» ማለት የለበትም። ስንት ሰው «ለኤግዚቢሽን ነው» ተብሎ የሰጠው ፎቶ ሳይመለስለት ቀርቷል! ባለበት አንሱት፣ ከጀርባው የተጻፈውንም አንሱት፣ አመስግናችሁ ውጡ።

ሁለተኛው ነገር የቀን ጉዳይ ነው። ቀላል ይመስላል። የአባ ሳሙኤልን ግድብ እንውሰድ። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራ፣ 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ የሚባለው ነው። አንዳንዱ ጽሑፍ በ1932 ተሠራ ይላል፣ እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው። ሌላው ደግሞ በ1939 ይላል፣ እሱም እ.ኤ.አ.። ልብ በሉ፦ በእኛ አቆጣጠር 1932 ዓ.ም የሚጀምረው በፈረንጆቹ 1939 መስከረም ላይ ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአንደኛው ግድቡ ነጻ የነበረች አገር ሥራ ነው፤ በሌላኛው የወራሪ ሥራ ነው። «ዓ.ም» ወይም «እ.ኤ.አ.» የምትል ሦስት ፊደል ብትዘለል አንድ ግድብ መንግሥት ይቀይራል! ስለዚህ በማህበሩ ወረቀት ላይ የዘመን አቆጣጠሩ ያልተጻፈበት ዓመት እንደ ስህተት ይቆጠር። ይህን ደንብ የጣሰ አባል ቡና ይጋብዝ።

(በነገራችን ላይ ግድቡ በ1960ዎቹ አጋማሽ ገደማ ሥራ አቁሞ፣ ሐይቁ በደለልና በእምቦጭ ተሞልቶ፣ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ሁሉ እየተቀበለ ከኖረ በኋላ በቻይና እርዳታ ታድሶ በ2009 ዓ.ም አካባቢ እንደገና ማመንጨት ጀምሯል። ውሃው ግን አልታደሰም። «እኛ ልጆች ሆነን እዚያ ወንዝ ውስጥ እንዋኝ ነበር» የሚሉ ሰዎች አሁንም አሉ። የሚዋኝበት አቃቂ ወንዝ! ይሄንንም ቶሎ መመዝገብ ነው፣ ነገ የሚያምነን የለም።)

ሦስተኛው ማስረጃ ያልሆነን ነገር ማስረጃ አለማለት ነው። ለምሳሌ በኦሮምኛ «ቃሉ» የእምነት አባት ነው፤ የሴቷ መጠሪያ ደግሞ «ቃሊቲ» ነው። ይህን የሰማ ሰው ወዲያው «ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው!» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። እኔም አንድ ቀን ልጽፍ ተነስቼ ነበር፣ እንዴት የሚያምር ጽሑፍ ይወጣው ነበር መሰላችሁ። ግን የቃል መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ማን ነገረህ፣ እሱስ ከማን ሰማ፣ አካባቢው ላይ የቃሊቲ መኖሪያ የነበረ ቦታ ማን ያሳያል? እነዚህ ሲመለሱ ይጻፋል። እስከዚያ «እንዲህ ይባላል» ተብሎ፣ ያለውም ሰው ተጠቅሶ ይቀመጥ።

ከባዱ ነገር ግን ሰባተኛው ስም ነው።

ከላይ አስራ አንዱን ስሞች አልዘረዘርኩም። የረሳሁ እንዳይመስላችሁ። የዚያ ልጅ እናት ወይም እህት ዛሬም እዚሁ አቃቂ ልትኖር ትችላለች። የወሰዱትም ሰዎች፣ ወይም ልጆቻቸው፣ ከእሷ ሦስት በር ርቀው ይኖሩ ይሆናል። በአንድ እድር ውስጥ ሊሆኑም ይችላሉ። የቀይ ሽብር ታሪክ በመጽሐፍ ሲነበብ መንግሥትና ፓርቲ ነው፤ ሰፈር ውስጥ ሲሆን ግን ስም አለው፣ በር አለው፣ ለቅሶ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ታዲያ የሰፈር ታሪክ ማህበር ይህን ይተወው? እኔ አይተወው ባይ ነኝ። ከተወው የሚቀረው ስለ ባቡሩና ስለ ፊሽካው የሚተርክ የትዝታ ክበብ ነው፣ ለዚያ ደግሞ ሬዲዮ ይበቃናል። ግን ደንብ ያስፈልገዋል። የሚናገረው ሰው ምን እንደሚቀዳ፣ ማን እንደሚሰማው፣ መቼ እንደሚወጣ ራሱ ይወስን። «ከሞትኩ በኋላ» ካለ ከሞተ በኋላ። «የእሱን ስም አውጣው» ካለ ይውጣ። ሁለት ሰዎች አንዱን ቀን በሁለት መንገድ ከነገሩን ሁለቱም ይጻፉ፤ ማህበሩ መሃል ላይ ቁጭ ብሎ ሽማግሌ አይሁን። የቀበሌ ታጣቂ የነበረውም ሰው ቢመጣ ይደመጥ። ይህን ስል ጓደኛዬ ተቆጥታኛለች። «ገዳይን ቁጭ አድርገህ ቡና ልታጠጣ ነው?» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም፣ ያላት ነገር ቀላል አይደለም። ግን እሱ ካልተናገረ ልጁን ወዴት እንደወሰዱት የሚያውቅ ማን አለ?

ስለ ገንዘብና ስለ ወንበር በአጭሩ። ሰብሳቢው የፓርቲ ሹመት ያለው ሰው አይሁን፣ የየትኛውም ፓርቲ። ታሪኩ ከሚጻፈው ፋብሪካ ገንዘብ አይወሰድ፤ ብስኩት ከሰጡ ይበላል። መዋጮው አንድ ተማሪ የሚችለው ይሁን። ሕጉም አያስቸግርም፦ በ2011 የወጣው የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ፣ ቁጥር 1113፣ አምስት ሰው ማህበር ማቋቋም ይችላል ይላል። አምስት ሰው ማለት አንድ የታክሲ መጨረሻ ወንበር ሲደመር ጋቢና ነው።

ለምን አሁን? ሩቅ አትሂዱ። የድሮው ባቡር በ2000 ዓ.ም አካባቢ ቀረ። የናዝሬት ፍጥነት መንገድ በ2006 ተከፈተና በአቃቂ ገበያ መሃል ያልፍ ከነበረው መኪና ብዙው ዞሮ ይሄድ ጀመር። ከ2016 ወዲህ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳንና ካዛንቺስን እንዴት እንደቀየራቸው ሁላችሁም አይታችኋል። ልማቱ ይቁም ማለቴ አይደለም፤ መጸዳጃ በሌለው ቤት ውስጥ ያልኖረ ሰው ስለ አሮጌ ቤት ውበት ሲያወራ እኔም ይደብረኛል። ግን ፒያሳ ሲፈርስ ቢያንስ ፊልም ነበራት፣ ዘፈን ነበራት፣ ፎቶ አንሺዎች ነበሯት። የአቃቂ የሠራተኞች ሰፈር ቢፈርስ ማን ፎቶ ያነሳዋል? ከመፍረሱ በፊት አንድ ቅዳሜ፣ ስልክና ደብተር ይዞ በየቤቱ «ይሄን ግቢ ማን ሠራው?» የሚል ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ባለፈው እሁድ ሽማግሌው ጋ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ወረቀቱን በፕላስቲክ አድርጌ ወሰድኩላቸው። «አባባ፣ በስልኬ ልቅዳዎት?» አልኳቸው። ስልኩን አገላብጠው አዩት፣ ሚስታቸውን አዩ፣ እሳቸውም ምንም አላሉም። «ስለ ፈትል ክፍሉ ልንገርህ» አሉ በመጨረሻ። አርባ ደቂቃ ስለ ማሽኖቹ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ጥጡ አፍንጫ ውስጥ ስለሚገባበት፣ ሌሊት እንቅልፍ እንዳይወስዳቸው ስለሚዘፍኑት ነገሩኝ። አምስተኛው ስም ላይ ለምን እንደሳቁም ተናገሩ (የሕንዱን አለቃ ድምፅ እየቀዳ ሌሊት የተኙትን የሚያባንን ቀልደኛ ኖሯል)። ስለ ሰባተኛው አላነሱም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ልወጣ ስል ግን በር ድረስ ሸኙኝና «ያቺን ገላን ያለችውን ሴትዮ መጀመሪያ ጠይቃት፤ እሷ ከፈቀደች እኔም እነግርሃለሁ» አሉኝ።

ቅዳሜ ገላን እሄዳለሁ። አብሮኝ የሚመጣ ካለ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ቃሊቲ መናኸሪያ፣ ቆሎ ሻጯ ጋ።